መርፌ ጾም አይገድፍም

ጥፋቱ የወንድሜ ነው፤ ስሙ ግን የእህቴ ሆኖ ቀረ። ይህ ነገር አምስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ገብስ ገለባ ተሰክቶብኝ ኖሯል፤ አልውጠው፣ አልተፋው። እህቴን ትዝታን ንፋስ መውጫ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ባለ መርፌዋ» ነው የሚሏት። መርፌውን ያመጣውን፣ ክንዷን ይዞ የወጋትን ወንድማችንን ይታየውን ግን ከመኪና ሲወርድ ሻንጣውን የሚሻማለት ሰው ብዛቱ! «አሰልጣኝ መጣ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ ደጄ ላይ ቆሜ «እንኳን ደህና መጣህ» እላለሁ። ምን ላድርግ፣ የእናቴ ልጅ ነው።

በቅበላው ሳምንት ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ቤት አደረ። በማግስቱ ጠዋት ለገበያ የማቀርበውን በሶ እየነፋሁ ሳለ ከሻንጣው አንዲት ትንሽ ፔርሙዝ አወጣና «እታለም፣ እንደ ድሮው ጓዳ አኑሪልኝ» አለኝ። እንደ ድሮው! እጄ ዱቄት ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግሁና ተቀበልሁት። እጅ ክፉ ነገር ነው፤ እኔ ሳላዝዘው መንገዱን ዐወቀው። ጓዳዬ ከቤቱ ኋላ በድንጋይ የተሠራች፣ ፀሐይ የማይነካት ክፍል ናት። ግንቦትም ቢሆን ቅቤ አይቀልጥባትም። ጥጓ ላይ እርጥብ አሸዋ የሞላ ማድጋ አለ። የሰው ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ይሞቃል፤ የእኔ ማድጋ ሞቆ አያውቅም። ድሮ ለትዝታ የመጡትን ብልቃጦች እዚያ አሸዋ ውስጥ የምቀብራቸው እኔ ነበርሁ። ይህንን አልደብቅም። የሰው ጥፋት የሚያወራ ሰው ከራሱ ይጀምር።

ክዳኑን ከፈትሁት። ከአውራ ጣት የማይበልጡ አምስት ብልቃጦች በበረዶ መሃል ተኝተዋል።

«የማን ነው?» አልሁት።

«የየኔነሽ፤ የድንች ነጋዴዋ የተሾመች ልጅ። ጾሙን እዚሁ ጉና ሥር ስትለማመድ ትከርምና ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ እወስዳታለሁ። የመጀመሪያውን ዛሬ ከምሳ በኋላ እወጋታለሁ፤ የቀረውን አንቺ ታኖሪልኛለሽ።»

«ታማለች እንዴ?»

«ኧረ ፈረስ ናት! ጾም እየገባ አይደል? አልገድፍም ትላለች፤ ደሟ ያንስባታል። ቫይታሚን ነው፣ እታለም። በይ ምሳ እነሱ ጋ ነን፤ በግ አርደዋል።»

አንዲት ቃል እንኳ አልለወጠም። ለትዝታም ያለው ይህንኑ ነበር። ጫማውን በውሃ አስወልውሎ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ከተማ ሰላምታ ሊቀበል ወጣ። ለምን እኔን እንደሚያምን ዐውቃለሁ። ከፍቅር አይደለም። አፌ ላይ ግዝት አለ።

ትዝታ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁዳዴን ጾማ፣ በባዶ ሆዷ በደብረ ታቦር መንገድ ሽቅብ ስትሮጥ አንድ ቀን ወደቀች። ይታየው አዲስ አበባ ከማናጀሮች ጋር መዋል ጀምሮ ነበርና «የደም ቫይታሚን» ብሎ መርፌ አመጣላት። እሷ እምቢ አለች። ለሜዳሊያ ብዬ ጾሜን አልሽርም አለች። ክርክሩ ሲበዛ ሦስታችንም ተነሥተን ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ገብረ መድኅን ሄድን። አባ እዚሁ አገራችን ባለው በቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የተማሩ፣ ቃላቸው አገር የሚያስታርቅ ሰው ናቸው። ጥቂት አሰቡና «ጾም የሚገድፈው በአፍ የሚገባ ነው። መርፌ ጾም አይገድፍም» አሉን። መስቀል ስመን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። ጾም ይገድፋል ወይ ብለን ጠየቅን፤ የሩጫውን ሕግ ይገድፋል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ፊደል የቆጠርሁ በሶ ሻጭ፣ ለሩጫ ሕግ እንዳለው በምን ዐውቃለሁ? የቀደመ ያሸንፋል፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ይታየው ግን ያውቅ ነበር። ትዝታ ጠርጥራ ይሆን? ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ ይህችን አንዲት ነገር ተጠያይቀን አናውቅም።

ሁለት ዓመት ለውድድር እየሄደች አሸነፈች። ጨርቅ ሻጩ ጀላል ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበረውና ስትሮጥ የምናያት እዚያ ነበር። በአንደኝነት የገባች ቀን ለቆመው ሰው ሁሉ ለስላሳ አጠጣ። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ ውስጥ አበረታች መድኃኒት ተገኘ ተባለ። ይታየው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። እናታችን ታማ ተኝታለች። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ «ያመጣሁት እኔ መሆኔ ከታወቀ እታሰራለሁ፤ ሦስት ልጆቼ ይበተናሉ። እሷ ግን ብትቀጣ ለጥቂት ጊዜ ነው» አለ። እናቴ ትዝታን አየቻት። ትዝታ «ራሴ ገዝቼ፣ ራሴን ወጋሁ» ብላ ፈረመች። አራት ዓመት አገዷት። እኔ ጮህሁ፤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ለአገር እናገራለሁ አልሁ። አባን ጠሩብኝ። አባ መስቀላቸውን አወጡና «ይህን ነገር ከዚህ ቤት አውጥተሽ ብትናገሪ ውግዝ ከመ አርዮስ» ብለው ገዘቱኝ። ግዝት ያፈረሰ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይገባም፤ የገዘተው ካልፈታው በቀር አይቆርብም፣ ሲሞትም አይፈታም። እናቴ «አሜን» አለች። እኔም አሜን አልሁ። በስምንተኛው ወር እናቴ ሞተች። አሜኑ ግን አልሞተም።

የትዝታ ቅጣት አምና አልቋል። ብትፈልግ መሮጥ ትችላለች፤ ግን አትሮጥም። መጋረጃ በጋረድሁላት ክፍል ውስጥ ትውላለች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ሰውና ሰው በማይተያይበት ጎህ ላይ ነው፤ ደጃፉን ስማ፣ ሰው ሳይሞላ ትመለሳለች። በቀን ከደጅ ውጭ እግሯን አታነሣም። ይታየው ሲመጣ ደግሞ መጋረጃውን ጨርሳ አትከፍትም። ሁለቱ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ፣ አንዱ ከመጋረጃው ወዲህ አንዷ ከወዲያ ሲበሉ ማየት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። የማኘክ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከተማው ውስጥ «ሯጯ እንዴት ናት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ጀላል ብቻ ነው። «ደህና ናት» እለዋለሁ። ያን ቀን ሙሉ የእሱ ጥያቄ ሲከነክነኝ ይውላል።

ይታየው እንደወጣ ፔርሙዙን እንዳቀፍሁ ቆምሁ። ጓዳው ውስጥ አልገባሁም።

«እታለም» አለች ትዝታ ከመጋረጃው ኋላ። «ስንት ብልቃጥ ነው?»

«አምስት።»

«ለእኔም ሲጀምር አምስት ነበር» አለች።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ክረምት ከበጋ የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ፈረንጆች ሁለት ቀጭን ጣውላ እግራቸው ላይ አስረው፣ በሁለት ዘንግ እየተመረኮዙ በረዶ ላይ የሚሽቀዳደሙትን። መጀመሪያ ሳየው ገርሞኝ ነበር። እኛ የጉና በረዶ ሲወርድ ለገብሳችን ምሕላ እንይዛለን፤ እነሱ ይሮጡበታል። ከሁሉም አንዲቱን ሴት ደጋግማ ነው የምታየው። ፊንላንድ የሚባል አገር ልጅ ናት። ስሟን ስንት ጊዜ ነግራኛለች፤ ምላሴ ላይ አልዞር ይላል። መጨረሻው መስመር ላይ ትደርስና እንደታረደ በግ በረዶው ላይ ትዘረጋለች፤ ከአፏ እንፋሎት ይወጣል።

«እሷም እንደ እኔ ተይዛ ነበር» አለች ትዝታ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ። «ሜዳሊያዋን ነጠቋት። አገሯ ሰደባት። ኋላ ግን በቴሌቪዥን ቀርባ ማን እንደወጋት ተናገረች።»

«ተናግራ ምን አገኘች?»

«ምንም። ተናገረች እንጂ።»

ስልኩን ደፋችው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «ለምን ዝም ትያለሽ?» ብላኝ አታውቅም። ያን ቀንም አላለችኝም። ባትልም ሰማኋት።

ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ፔርሙዙን በውስጥ አቅፌ ወደ አባ ሄድሁ። ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ሊቀማኝ ይታገላል። መንገድ ላይ ሴቶቹ የቅበላ ቅቤ እያወዳደሩ «ሺህ ሁለት መቶ? የላም ነው ወይስ የሰው?» ይሳሳቃሉ፤ በሌላ ቀን እኔም አንድ ቃል ጥዬ አልፍ ነበር። አባ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ።

«አባቴ፣ ግዝቱን ይፍቱኝ» አልኋቸው።

ዳዊቱን አጠፉ። «ምን ተፈጠረ፣ ልጄ?»

ፔርሙዙን ጉልበታቸው ላይ አኖርሁት። ብርዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ዛሬ ከምሳ በኋላ እንደሆነም ነገርኋቸው። «ወንድምሽ ይታሰራል» አሉ።

«ልጅቱስ?»

«እሱን እኔ እመክረዋለሁ። ቀስ ብዬ እመክረዋለሁ።»

«አባቴ፣ ያኔም ይመክሩታል ተብሎ ነበር።»

ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። ሽማግሌ ሲያፍር ማየት ከባድ ነው። «ላቀች፣ መርፌ ጾም አይገድፍም ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። «ነገሩ ሲወጣ ይሄም አብሮ ይወጣል። ሃምሳ ዓመት ያገለገልሁበት ስም ነው። ተዪው። እግዜር ይፈርዳል።»

«እግዜር ሊፈርድ ምስክር አይሻም፣ አባቴ። ተሾመች ግን ትሻለች።»

መልሰው ዳዊታቸውን ገለጡ። አልፈቱኝም። መስቀላቸውን ሲዘረጉልኝ ተሳለምሁ፤ ልማድ ነው። ፔርሙዙን አንሥቼ ስወጣ፣ እሳቸውም ምሳ ተጠርተው ኖሮ ከኋላዬ «ምርኩዜን ፈልጉልኝ» ሲሉ ሰማሁ።

የተሾመች ቤት ሁለት ክፍል ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ድንችና ገብስ እየነገደች ልጇን ያስተማረች ብርቱ ሴት ናት፤ አፏ ቶሎ የማይከደን፣ ተጫዋች። ግድግዳውን ለእንግዳው ብላ እንደ አዲስ ለስናዋለች፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ይሸታል። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይታየው ለልጅቱ ያመጣላት ሰማያዊ ቱታ ከነፌስታሉ ተሰቅሏል። የገባ ሰው ሁሉ እጁን ሰዶ ይዳስሰዋል። አባን ከፍ ያለው መደብ ላይ፣ ይታየውን ከጎናቸው አስቀመጡ። እኔን ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ። ተሾመች በጉን አሥራ ሁለት ሺህ ብለዋት በአሥር ሺህ አምስት መቶ እንዴት እንደነጠቀች ሻጩን እያስመሰለች ተረከች፤ ቤቱ ሳቀ። «ይታየው፣ ልጄ ካሸነፈች እኔንም ውሰደኝ!» አለች። «ከባጃጅ ጋር ስሽቀዳደም የኖርሁ ሴት ነኝ!»

የኔነሽ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ሰው ሲያያት አንገቷን የምትደፋ። ውሃ ለእጅ እያስታጠበች ስታልፍ ክንዷን አየሁት። ጠባሳ የሌለው ክንድ ነው። የትዝታም እንዲህ ነበር።

ከምሳው በኋላ ተሾመች ልጇን መሃል አቆመችና ምክር ጀመረች። ታዘዢ፣ ጸልዪ፣ ገንዘብ ስታገኚ ዘመድ አትርሺ። «ደግሞ መርፌ ምናምን የሚሉትን እንዳትነኪ! እንደ…» አለችና ወደ እኔ ዞር አለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ላቀች። እውነት ስለሆነ ነው።»

«እኔ እያለሁ?» አለ ይታየው አጥንቱን ከትሪው እያኖረ። «የትዝታ ነገር እኮ እኔ ሳላይ የሆነ ነው። ባየሁ ኖሮ እጇን እሰብረው ነበር።»

ፊት ለፊቴ ነው ያለው። ፊቴን እያየ ነው ያለው፤ ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። አባ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው፣ ምን ያድርግ» አለ። እኔ ገለባው ጉሮሮዬ ላይ ሲዞር ተሰማኝ። የሞተች እናቴ «አሜን» ስትል ሰማሁ። ደጀ ሰላሙን፣ ቁርባኑን፣ የምቀበርበትን መሬት አሰብሁ። ከዚያ ደግሞ ያንን ክንድ አየሁ። ነጠላዬን ገልጬ ፔርሙዙን ትሪው መሃል፣ አጥንቱ ላይ አኖርሁት።

«ተሾመች፣ ዛሬ ልጅሽን ሊወጋት ያመጣው ይሄን ነው። ትዝታንም የወጋት ይሄንኑ ነው። ጓዳዬ ውስጥ ያስቀመጥሁለት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴ ነው። ትዝታ ራሴ ነኝ ያለችው ለእሱ ልጆች ብላ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ይታየው ነው። «ቫይታሚን እኮ ነው! እታለም፣ ምን ነካሽ? እህቷ ስለወደቀች ሌላው እንዲነሣ አትወድም፣ አያችሁ?» ከሴቶቹ አንዷ «ምቀኝነት» አለች። ተሾመች ፊቷ ተቀያየረ፤ የተቀየረው ግን በእኔ ላይ ነበር። «በቅበላ ቀን፣ ቤቴ ድረስ መጥተሽ፣ በልጄ ዕድል ላይ?» አለችኝ።

«አባ ያውቃሉ» አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

ሁሉም ወደ አባ ዞረ። ምርኩዛቸውን ጨብጠው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ይህች ሴት» አሉ፣ «ግዝት አፍርሳለች። ውግዝ ናት።»

ሴቶቹ ከአጠገቤ ፈቀቅ አሉ። ይታየው ትንፋሹን ለቀቀ። አለቀልኝ አልሁ፤ ለምንም ሳይሆን ነፍሴን ሸጥኋት። ተሾመች ግን አባን አተኩራ ታያለች። ነጋዴ ናት፤ ሚዛን ሲዘነብል ታውቃለች።

«አባቴ፣ ግዝቱ ምን ላይ ነበር?» አለች።

አባ ዓይናቸውን ወደ በሩ አሸሹ።

«ውሸት ብትሆን ኖሮ ውሸታም ናት ይሉኝ ነበር። ግዝት አፈረሰች አሉኝ። ውሸት ላይ ግዝት ይጣላል እንዴ፣ አባቴ?»

አባ ምርኩዛቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የጠየቃቸው የለም። የኔነሽ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ ጎትታ ክንዷን ሸፈነች። ተሾመች ፔርሙዙን አንሥታ መቀነቷ ውስጥ ከተተች። «ይሄን ለሐኪም አሳያለሁ» አለች። ከዚያ ሄዳ ቱታውን ከምስማሩ አወረደች፤ እንደ ነጠላ አስተካክላ አጠፈችው፤ መጥታም ይታየው ጉልበት ላይ አኖረችለት።

ቤት ስደርስ ይታየው ቀድሞኝ ሻንጣውን ይዘጋል። «ልጆቼን ነው ያጠፋሻቸው» አለኝ። ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ እኔንም ያሳዝኑኛል። ሲወጣ ትዝታ መጋረጃውን ገለጠችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ከሰዓት በኋላ በሚሄደው ሚኒባስ ሄደ፤ ሻንጣውን የተሻማለት ሰው አልነበረም። ትዝታ ጓዳ ገባች፤ ማድጋውን እያንከባለለች አውጥታ አሸዋውን ደጅ ደፋችው።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ የምል እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ግማሹ ግዝት አፍራሽ ይለኛል፤ በሶዬን የማይገዛ አለ። ተሾመችም አላመሰገነችኝም። ልጇ ዕድሌ አመለጠኝ ብላ ታለቅሳለች ይባላል፤ ሲያገኙኝ ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ። ፖሊስም ጠርቶ ጠይቆኛል፤ የማድጋውንም የራሴንም ሳልደብቅ ተናግሬ ፈርሜያለሁ። አባ ታመው ተኝተዋል፤ ይፍቱኝ ብዬ ልልክባቸው አልፈለግሁም።

ጾሙ እንደገባ በመጀመሪያው እሁድ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል ትዝታን «ተነሺ እንጂ» አልኋት። «ይንጋ» አለችኝ። ፀሐይ እስኪወጣ አስጠበቀችኝ። መንገዱ ሰው ሞልቶት አብረን ሄድን። የሚያየን አየን። ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ እግሬ ቆመ።

«ግቢ እንጂ፣ እታለም» አለች።

«እኔ አልችልም። አንቺ ግቢ።»

ሰዉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች። ያ የሩጫ ጫማዋ ነበር፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ አምስት ዓመት ከአልጋ ሥር የኖረ። በባዶ እግሯ በሴቶቹ መሃል ቀና ብላ ገባች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ጫማዋን ይዤ ቆምሁ።